ያልታዘዘው ማን ነው? ግፊት፣ ስኳርና በግማሽ የሚቆረጡ ክኒኖች

ባለፈው ዓመት ለእረፍት አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ የእናቴን የመድኃኒት መሳቢያ ከፍቼ አየሁ። ከጤና ጣቢያ በትንንሽ የወረቀት ከረጢት የተሰጡ ክኒኖች፣ ከግል መድኃኒት ቤት የተገዙ እሽጎች፣ እኔና ወንድሜ ከአሜሪካ የላክናቸው ጠርሙሶች በአንድነት ተከማችተዋል። የተለያየ የንግድ ስም ያላቸው ሁለት እሽጎች የያዙት አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ነበር፤ አምሎዲፒን። ከአሜሪካ የተላከው ጠርሙስ ጊዜው አልፎበታል፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ ሙሉ ነው። ለምን እንዳልጨረሰችው ስጠይቃት "ይህማ የእናንተ ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት" አለችኝ። የጤና ጣቢያውን ክኒን ደግሞ በቢላ ለሁለት ትከፍለዋለች። ራሷን ባመማት ቀን ሙሉውን፣ ደኅና በሆነችበት ቀን ግማሹን ትወስዳለች።

ይህንን ነገር አንድ ሐኪም ቢሰማ በካርዷ ላይ "መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም" ብሎ ይጽፋል። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። እናቴ ቸልተኛ ሴት አይደለችም፤ በመሳቢያዋ ውስጥ የነበረው ሁሉ በጥንቃቄ የተሰላ ነበር። ስሌቷ የተሳሳተው በእጇ የነበረው መረጃ፣ ገንዘብና አቅርቦት ወደዚያ ስለመራት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ አብዛኛውን ጊዜ እያመፀ ሳይሆን ለአጣዳፊ በሽታ በተሠራ ሥርዓት ውስጥ የዕድሜ ልክ በሽታን ለማስታመም እየሞከረ ነው። ሥርዓቱን ትተን ሰውዬውን ብንመክር ውጤቱ አይለወጥም።

የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው?

ሜታቦሊክ ሲንድሮም የሚባለው አንድ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን አብረው የሚሄዱ አምስት ምልክቶች ስብስብ ነው፤ የወገብ ዙሪያ መስፋት፣ የደም ግፊት ከ130/85 መድረስ ወይም ማለፍ፣ በባዶ ሆድ የሚለካ የደም ስኳር 100 ሚሊግራም በዴሲሊትር መድረስ ወይም ማለፍ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከፍ ማለት፣ "ጥሩው ኮሌስትሮል" የሚባለው ደግሞ ዝቅ ማለት። ከእነዚህ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ስሙ ይሰጠዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄራልድ ሪቨን እ.ኤ.አ. በ1988 የምልክቶቹን ዝምድና ሲያስረዱ "ሲንድሮም ኤክስ" ብለውት ነበር። መጨረሻው በየቤታችን የምናውቀው ነው፤ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚመጣ ስትሮክ፣ የልብ ድካም፣ ኩላሊት እጥበት።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሰፊ ዘገባ ባደጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ በሽታ ካለባቸው ሕሙማን ሕክምናቸውን በታዘዘው መሠረት የሚከታተሉት በአማካይ 50 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን፣ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ከዚያም እንደሚያንስ ገልጿል። ስለዚህ ጉዳዩ የሐበሻ አመል አይደለም። ግማሹ ሰው የማይፈጽመው መመሪያ ካለ መመርመር ያለበት መመሪያው ነው።

የማያድን መድኃኒት

"መድኃኒት" የሚለው ቃላችን ከ"ድኅነት" ጋር አንድ ሥር አለው፤ የሚያድን ማለት ነው። ወባ የያዘው ሰው ክኒኑን ይውጣል፣ ትኩሳቱ ይለቀዋል፣ ይድናል፣ ያቆማል። ይህ ልምድ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ፣ ደግሞም እውነተኛ ልምድ ነው። የግፊት ክኒን ግን በዚህ ትርጉም መድኃኒት አይደለም፤ አያድንም፤ ያቆያል እንጂ። ሰውየው ለሦስት ወር ወስዶ ግፊቱ 125/80 ሲሆንለት "ድኛለሁ" ብሎ ቢያቆም ከቋንቋውም ከልምዱም ጋር ተስማምቷል። መድኃኒቱ ስለሠራ እንጂ በሽታው ስለጠፋ እንዳልሆነ ማንም በሚገባው ቋንቋ ካልነገረው ስሕተቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ሌላው ችግር የበሽታው ዝምታ ነው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እዚህ ግን የሚደበቀው ራሱ በሽታው ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለበት አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። የሚሰማው መድኃኒቱ ነው። ኢናላፕሪል በአንዳንዱ ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያመላልሳል፤ ሜትፎርሚን ሆድ ያውካል። ክኒኑን ሲውጥ የሚታመም፣ ሲተወው ደኅና የሚሆን ሰው የገዛ ሰውነቱ የሚመሰክርለትን ትቶ ለአሥር ዓመት በኋላ ስጋት እንዲኖር እየጠየቅነው ነው። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሐኪሞችም ራሳቸው ሲታመሙ ይከብዳቸዋል።

የአንድ ቀን ሸክም

አሁን አንድ የታወቀ ማዘዣ እንውሰድ። ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ጠዋት፣ ኢናላፕሪል ጠዋትና ማታ፣ አምሎዲፒን አንድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንድ፣ አቶርቫስታቲን ማታ። በቀን ስምንት ክኒን ነው፤ በዓመት ከ2,900 በላይ። አንዳንዱ ከምግብ ጋር፣ አንዳንዱ ከምግብ በፊት። አጥኚዎች አንድን ሰው "በደንብ የሚወስድ" ለማለት በተለምዶ ከቀናቱ 80 በመቶውን መሸፈኑን ይቀበላሉ፤ ይህም በዓመት 73 ቀን ቢያመልጠው ማለት ነው። ሳይንሱ ራሱ ፍጹምነትን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ተግሣጻችን ነው።

ይህ መርሐ ግብር የተነደፈው ሦስት ጊዜ ለሚበላ፣ በቋሚ ሰዓት ለሚተኛና ገንዘብ ለማያጥረው ሰው ነው። የእኛ ሰው ሕይወት እንዲህ አይደለም። ጾምን እንውሰድ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ብዙዎችም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም። ግሊቤንክላማይድ ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ብልህ ሕመምተኛ በጾም ወራት ክኒኑን ይተወዋል፤ ለሐኪሙ ግን አይናገርም፤ "ጾሙን ተው" እንደሚለው ያውቃልና። ለረመዳን ጾም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከአጋሮቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ዝርዝር መመሪያ አውጥቶ በ2021 አሻሽሎታል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀየር፣ መጠኑና ሰዓቱ እንዴት እንደሚዛወር ይነግራል። የዐቢይ ጾም ሕመምተኛም ከሐኪሙ ሊሰማ የሚገባው ይህንኑ የመሰለ ተግባራዊ ምክር ነው።

ሥራንም እንመልከት። በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ሽንት የሚያመላልሰውን ክኒን ጠዋት ወስዶ መንገድ ላይ የት ይቆማል? በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ እኅታችን "ጠዋት" የሚለው መመሪያ ከሥራ ስትወጣ ነው ወይስ ከእንቅልፍ ስትነሣ? ረጅም ርቀት የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ደግሞ የመንጃ ፈቃዱን የጤና ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ግፊቱ ከ140/90 በላይ ከሆነ የሁለት ዓመቱ ማረጋገጫ ያጥርበታል። ብዙ ሰው ምርመራው ሲቃረብ በትጋት ይወስዳል፤ ካለፈ በኋላ ይረሳዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ደግሞ ከአሠሪዋ ፈቃድ ውጭ ወደ ክሊኒክ መውጣት ላትችል ትችላለች፤ ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ወደ አገሯ እንዳትመለስ ትፈራለች። መደበቋ ከእውቀት ማነስ የመጣ አይደለም።

ገንዘብ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኢትዮጵያ አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ ታስገባለች። ደመወዙ ያልጨመረ ጡረተኛ ክኒኑን በቢላ ቢከፍል ማንም ሊደነቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁን እንጂ አባሉ በጤና ጣቢያው "መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዛ" ሲባል መድኑ ካርድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ይህን መክፈል ይቻል ይሆናል፤ በየወሩ ለዕድሜ ልክ ግን አይቻልም።

ዋጋ ብቻውን ግን ታሪኩን አይጨርሰውም። በእስራኤል ከ1995 ጀምሮ ሁሉም ነዋሪ በሕግ የጤና ዋስትና አለው። ሆኖም ከኢትዮጵያ በገቡ ወገኖች ዘንድ የስኳር ሕመም ከፍልሰቱ በኋላ ከፍ ማለቱ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ሕክምናውም ዋስትና ስላለ ብቻ አልተቃናም። በ1990ዎቹ መጨረሻ "ረፉአ ሽሌማ" በሚባል መርሐ ግብር ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞች በክሊኒኮች እንዲሠሩ የተደረገው ለዚህ ነው። ሥራቸው ቃል ከመተርጎም ያለፈ ነበር፤ ሐኪሙ ያላየውን ኑሮ ለሐኪሙ፣ ሕመምተኛው ያልገባውን ምክንያት ለሕመምተኛው ያስረዱ ነበር።

"እወስዳለሁ፣ ዶክተር"

ይህ ሁሉ ሸክም የሚከፋው የማይነገር ሲሆን ነው። በእኛ ባህል ሐኪም ይከበራል፤ የተከበረ ሰው ፊት "አልወሰድኩም" ማለት ነውር ይመስላል። ስለዚህ "እየወሰዱ ነው?" ሲባሉ "አዎ፣ እወስዳለሁ" ይላሉ። ሐኪሙ ደግሞ በመለኪያው ላይ 165/100 ያያል። ሁለቱን ሲያገናኝ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይደመድማል፤ መጠኑን ይጨምራል፤ ሦስተኛ ክኒን ያክላል። ስምንቱ አሥር ይሆናሉ፤ ሸክሙ ይከብዳል፤ ሰውየው ይበልጥ ይተዋል። አንድ ቀን ልጁ ከውጭ መጥታ ሁሉንም ክኒን በአንድ ጊዜ ማስዋጥ ስትጀምር ግፊቱ በድንገት ይወርድና ይወድቃል። ይህ ዑደት የሚጀምረው ከአንዲት የትሕትና ውሸት ነው፤ ውሸቷን ያመጣው ግን ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ነው።

ውይይት ራሱ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ማስረጃ አለን። በእንግሊዝ አገር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በሕመም ስሜት ምክንያት የኮሌስትሮል ክኒን ያቆሙ 60 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ፤ በተለያዩ ወራት እውነተኛውን ክኒን፣ አስመሳይ ክኒን፣ ወይም ምንም እንዳይወስዱ ተደረገ። ከመድኃኒቱ ጋር ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በአስመሳዩም ክኒን ተሰማቸው። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነበር። የራሳቸው ውጤት በአክብሮት ከታያቸው በኋላ ግማሾቹ ወደ መድኃኒቱ ተመለሱ። ተግሣጽ ያላመጣውን ለውጥ ማስረጃና ጊዜ አመጡት።

ከዚህ በፊት አድርገነዋል

"በኢትዮጵያ ሁኔታ የዕድሜ ልክ መድኃኒት በሥርዓት ማስወሰድ አይቻልም" ለሚል ሰው መልሱ የቅርብ ታሪካችን ነው። የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በወቅቱ አፍሪካውያን ሰዓት ጠብቀው ክኒን መዋጥ አይችሉም የሚሉ የውጭ ባለሥልጣናት ነበሩ። ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ያንን መድኃኒት በየቀኑ እየወሰዱ ይኖራሉ።

ይህ እንዴት ሆነ? ሰዎቹ ከግፊት ሕመምተኞች የተሻለ ጠባይ ስለነበራቸው አይደለም። መድኃኒቱ በነፃ ሆነ። ብዙ ክኒኖች በአንድ ክኒን ተጠቃለሉ። ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሆስፒታሎች ውስጥ ደጋፊ ሆነው ተቀጠሩ። የቀረውን ሕመምተኛ ስልክ ደውሎ የሚፈልግ ሰው ተመደበ። ከ2017 ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ ሕሙማን በስድስት ወር አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመጡና የስድስት ወር መድኃኒት ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደ። በጠበልና በክኒን መካከል የነበረው ውጥረትም በዝምታ አልታለፈም፤ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ሁለቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ያ ዘመን ለቋንቋችን አንድ ጠቃሚ ቃልም አተረፈ፤ "የመድኃኒት ቁርኝት"። ቁርኝት መታዘዝ አይደለም፤ በሁለት ወገን የሚጸና ግንኙነት ነው።

አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለት በሮችን እናስብ። በአንደኛው በር የሚገባው ሰው ስሙ የተመዘገበ፣ መድኃኒቱ ያልተቋረጠ፣ ቢቀር የሚፈለግ ነው። በሌላኛው በር የሚገባው የግፊትና የስኳር ሕመምተኛ በየወሩ ይሰለፋል፤ መድኃኒቱ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ቢቀር ማንም አይጠይቅም። ሁለቱም በር ሥር የአንድ እናት ልጆች ሊቆሙ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው በሩ ውስጥ ነው።

ተቃውሞው ይገባኛል። የኤች.አይ.ቪ ፕሮግራም በአሜሪካ መንግሥትና በግሎባል ፈንድ ገንዘብ የቆመ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ ርዳታ በድንገት ሲታገድ ያ ምሰሶ ምን ያህል እንደሚናወጥ ሁላችንም አየን። ልክ ነው። ነገር ግን ከዚያ ፕሮግራም መኮረጅ ያለብን ገንዘቡን ሳይሆን አሠራሩን ነው። የግፊትና የስኳር መሠረታዊ መድኃኒቶች አሮጌ፣ የፈጠራ መብታቸው ያበቃና ርካሽ ናቸው። ሕመምተኛን በሦስት ወር አንዴ መቅጠር ከወር ወር ከመቅጠር ይልቅ የሐኪም ሰዓት ይቆጥባል። ስትሮክ የያዘውን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ለዓመታት ማስታመም ደግሞ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የጤና ሚኒስቴር ለተረጋጉ የግፊትና የስኳር ሕሙማን የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠትን መደበኛ አሠራር ያድርግ። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በግዥው ሁለትና ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ክኒን የያዙ ውሕዶችን ያስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት የግፊት ውሕድ ክኒኖችን በ2019፣ የልብ ሕመም መከላከያ ውሕድ ክኒንን ደግሞ በ2023 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካትቷል። በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በጎለስታን ገጠሮች ለአምስት ዓመት የተካሄደና በ2019 የታተመ ጥናት እንዲህ ያለ ክኒን ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በሲሶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ውሕድ ክኒን ለሁሉም አይሆንም፤ መጠን ማስተካከል ያስቸግራል፤ የስኳሩንም መድኃኒት አይተካም። ስምንቱን ክኒን ወደ አራት ማውረድ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሦስተኛ፣ የጤና መድኑ መድኃኒት በጠፋ ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤት ለተገዛው ይክፈል። አራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግፊት እንዲለኩና የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ እንዲጠይቁ መሣሪያውና ጊዜው ይሰጣቸው።

አምስተኛው የእኛ ድርሻ ነው። ሻንጣችንን እንመርምር። ከባዕድ አገር የምንልከው ጠርሙስ በፍቅር የተሞላ ቢሆንም አገር ቤት ካለው ማዘዣ ጋር ይጋጫል፣ ይደራረባል፣ ሲያልቅም ተተኪ የለውም። ወላጆቻችን ውድ ስለሆነ ያስቀምጡታል፤ እኛ ልከናል ብለን ኅሊናችንን እናሳርፋለን። ከጠርሙሱ ይልቅ በአካባቢያቸው ዘወትር የሚገኘውን መድኃኒት ለይቶ ወጪውን በየወሩ መሸፈን ይሻላል። ማኅበራትና የሐኪሞች ስብስቦች ደግሞ አንድ ጊዜ የሚያልቅ የመድኃኒት ካርቶን ከመላክ ይልቅ በጤና ጣቢያዎች ያለውን ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ቢያጠናክሩ እርዳታቸው ከጉብኝታቸው በኋላም ይቀጥላል። ስልክ ስንደውልም "መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው?" የሚለውን ጥያቄ እንተው፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ" ነው። "በዚህ ሳምንት ስንት ቀን አመለጠሽ? የትኛው ነው የሚያስቸግርሽ?" ብለን እንጠይቅ።

እኔም ከእናቴ ጋር በዚያ መሳቢያ ፊት ተቀምጬ ይህንኑ ጠየቅኋት። ሳሉን ነገረችኝ፤ የጾሙን ነገር ነገረችኝ፤ የክኒኑን ዋጋ ነገረችኝ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርገን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ሰባቱን ክኒን አራት አደረጋቸው፤ የሚያስላትንም ቀየረላት። ጠቅላላ ውይይቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ያ ሃያ ደቂቃ ከውጭ ልጅ የመጣላት እናት ዕድል ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በሁለተኛው በር ለሚገባ ለማንኛውም ሰው ሊደርስ ይገባዋል።